ከ«ስማ» ወደ «ማስታወቂያ»፦ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን የከተማ መዝናኛና የሕዝብ ማስታወቂያ አማርኛ

1. መግቢያ

የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ፊልማቸውን ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ካሳዩበት ከ1888 ዓ.ም. ጀምሮ ተዋናዮች ሲናገሩ የሚሰሙበት ረጅም ፊልም አሜሪካ ውስጥ እስከ ታየበት እስከ 1920 ዓ.ም. ድረስ ያለው ጊዜ «ድምፅ አልባው ዘመን» ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።) ስያሜው ለፊልሙ እንጂ ፊልሙ ለሚታይበት ከተማ አይስማማም። በነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሐረር የሚኖር ሰው ስለ አዲስ ነገር የሚያውቀው በአብዛኛው በጆሮው ነበር። አዋጅ በነጋሪት ይሰማል፤ የገበያ ወሬ በገበያተኛ አፍ ይዞራል፤ የአዝማሪ ግጥም የሳምንቱን ክስተት ይዞ ጠጅ ቤት ይገባል።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ጠባብ ነው። ማስታወቂያ ከአፍ ወደ ወረቀት፣ መዝናኛም ከጠጅ ቤት ወደ አዳራሽ መሸጋገር በጀመሩበት ጊዜ አማርኛ ለሁለቱ የሰጣቸው ስሞችና የዓረፍተ ነገር ቅርጾች ምን ይነግሩናል? የምናቀርበው መልስ የሚከተለው ነው፦ የቃል ማስታወቂያ ሰሚውን በሰዋስው ውስጥ ያቆመዋል፤ የወረቀት ማስታወቂያ ደግሞ ሰሚውን ከግሱ አውጥቶ ነገሩን ብቻ ያስቀራል። ልዩነቱ በቃላቱ እርባታ ላይ በግልጽ ይታያል።

2. የዘመኑ ከተማ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን ቈረቈረ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ ዕቃና ሰው ብቻ አላመጣም፤ «ለገሃር» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ፈረንሳይኛው ጣቢያን የሚጠራበት ቃል ከነመስተአምሩ የቀረበት ነው። ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሕንዶች፣ ዓረቦች፣ ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛና ከሐረሪ ተናጋሪዎች ጋር በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበር።

ኅትመት ገና ጨቅላ ነበር። «አእምሮ» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂዎች ይሠራጭ ነበር። ሳምንታዊው «ብርሃንና ሰላም» የወጣው በ1917 ዓ.ም. ነው። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ስለ ነበር አንዱ ቅጂ ለብዙ ጆሮ ይነበባል። ስለዚህ ወረቀቱ ድምፅን አላስቀረም፤ ድምፅ የሚነሣበትን ቦታ ለወጠ እንጂ።

3. ሁለት ዓይነት «ማሳወቅ»

የቃል ማስታወቂያ ዋናው መሣሪያ ነጋሪት ነው። ስሙ «ነገረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ቅርጹ በግእዝ የአድራጊ ስም አንስታይ ነው፤ ጸሓፊ፣ ጸሓፊት እንደሚባለው ሁሉ ነጋሪ፣ ነጋሪት። ከበሮው በቋንቋው ዘንድ «ተናጋሪዋ» ነው ማለት ነው። የአዋጅ ነጋሪውም የታወቀ መቋጫ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው ነው። በዚህ አጭር አነጋገር ውስጥ አንድ ግስ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ የመጨረሻውም የትእዛዝ አንቀጽ የአስደራጊ ቅርጽ ነው። ሰሚው በሁለተኛ መደብ ይጠራል፤ ከሰማም በኋላ ራሱ አሰሚ እንዲሆን ይታዘዛል። ማስታወቂያው የሚሠራጨው በሰዋስዉ አማካይነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ማስታወቂያ» የሚለው ቃል መንገዱ ሌላ ነው። መሠረቱ «አወቀ» ነው። ከእርሱ ተደራጊው «ታወቀ» ይወጣል፤ በእርሱ ላይ «አስ-» ሲጨመር «አስታወቀ» ይሆናል፤ ከዚያም የመሣሪያ ስም «ማስታወቂያ» ይገኛል። በአማርኛ አስደራጊው «አስ-» ሲገባ የተደራጊው «ተ-» ብዙውን ጊዜ ይወድቃል፤ ተቀመጠ፣ አስቀመጠ እንደምንል። «አስታወቀ» ግን «ት»ን ይዞ የቀረ ነው። እንዲህ ያሉት ግሶች በአብዛኛው በጥንቱ የመጀመሪያ ሥር ፊደላቸው የጉሮሮ ድምፅ የነበራቸው ናቸው፤ ታረቀ፣ አስታረቀ፤ ታጠቀ፣ አስታጠቀ፤ ታወሰ፣ አስታወሰ።

የ«ት» መኖር የትርጉም ውጤት አለው። ሁለቱን ጥንዶች ጎን ለጎን እናስተያይ።

(1) ሀ. አጠበ → አሳጠበ (ሌላው እንዲያጥብ አደረገ)
ለ. ታጠበ → አስታጠበ (ሌላው እንዲታጠብ ረዳ፤ ለእንግዳ እጅ ውሃ አፈሰሰ)

(2) ሀ. አወቀ → አሳወቀ (ሌላው እንዲያውቅ አደረገ)
ለ. ታወቀ → አስታወቀ (ነገሩ እንዲታወቅ አደረገ)

በ(2ሀ) ዐዋቂው ሰው የግሱ ተሳቢ ሆኖ ይገባል፤ «አሳወቀኝ» ስንል የሚያውቀው ሰው «እኔ» ነኝ። በ(2ለ) ግን የግሱ መነሻ ተደራጊ ስለ ሆነ ዐዋቂው አስቀድሞ ከግሱ ወጥቷል። ሊመለስ ቢፈለግ እንኳ ብዙውን ጊዜ «ለሕዝብ አስታወቀ» እንደሚባለው በ«ለ» ይመጣል፤ ባይጠቀስም ዓረፍተ ነገሩ አይጎድልም። የዛሬው አማርኛ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ የሚደርሰውን አጭር መልእክት «ማሳወቂያ»፣ በአደባባይ የሚለጠፈውን ደግሞ «ማስታወቂያ» ብሎ መለየቱ ይህ ልዩነት ሕያው መሆኑን ያሳያል።

4. የአካባቢው ቋንቋዎች ምስክርነት

የቀጠናው ቋንቋዎችም በነዚሁ ሁለት መንገዶች ተከፋፍለዋል። ኦሮምኛ ማስታወቂያን «ቤክሲሳ» ይላል፤ «ቤክ-» (ማወቅ) ከሚለው ሥር በአስደራጊ ቅጥያ በቀጥታ የወጣ ነው። ሶማልኛም «ኦጌይሲስ» ሲል መነሻው ማወቅንና መገንዘብን የሚገልጸው «ኦግ» ነው። በሁለቱም ውስጥ የተደራጊ ደረጃ የለም፤ ስለዚህ ከአማርኛው «አሳወቀ» ጋር ይሰለፋሉ። ስዋሂሊ ግን ከ«አስታወቀ» ጎን ይቆማል። «ታንጋዞ» የሚለው ስም ከ«ታንጋዛ» (አስታወቀ፣ አወጀ) የመጣ ሲሆን የእርሱም መነሻ «ታንጋአ» (ታወቀ፣ ተሰማ፣ ወሬው ተዳረሰ) የሚለው ተሳቢ የማይወስድ ግስ ነው። በዘር የማይገናኙት አማርኛና ስዋሂሊ በዚህ ነጥብ መገናኘታቸው፣ የአማርኛ ጎረቤት የሆነው ኦሮምኛ ደግሞ መለየቱ፣ ነገሩን በቋንቋ ንክኪ ብቻ ለማስረዳት እንደማይቻል ያመለክታል።

5. ማስታወቂያ ሲነበብ

ቃሉ ብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩም ይለወጣል። የሚከተሉት ለማብራሪያ የተሠሩ ምሳሌዎች ናቸው።

(3) ሀ. ስማ! የቅዳሜው ገበያ ወደ ሰኞ ተዛውሯል፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ።
ለ. የቅዳሜው ገበያ ወደ ሰኞ መዛወሩን እናስታውቃለን።
ሐ. የቅዳሜው ገበያ ወደ ሰኞ ተዛውሯል ይላል።

በ(3ሀ) ወሬው ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዋናው ግስ «ተዛውሯል» ነው። በ(3ለ) ወሬው ወደ ንኡስ አንቀጽ («መዛወሩን») ወርዶ የተሳቢ ምልክት ይዟል፤ ዋና አንቀጽ የሆነው የማስታወቅ ድርጊቱ ነው። ተናጋሪው በ«እና-» ተገልጿል፤ ሰሚው ግን የትም የለም። (3ሐ) ማንበብ የሚችል ሰው ለጎረቤቱ «ምን ይላል?» ሲባል የሚመልሰው ነው። አንባቢው ንኡስ አንቀጹን ፈትቶ ወሬውን ወደ ራሱ ቻይ ግስ ይመልሰዋል፤ ወረቀቱንም «ይላል» በማለት ተናጋሪ ያደርገዋል። ነጋሪት ተናጋሪ እንደ ነበረች ወረቀቱም ተናጋሪ ሆነ ማለት ነው።

ለድምፅ አልባው ፊልምም ያው ጥያቄ ይሠራል። በሥዕሎቹ መካከል የሚገባው ጽሑፍ በውጭ ቋንቋ ሲሆን፣ ለማያነበው ተመልካች የሚደርሰው በሌላ ሰው አፍ ብቻ ነው። ጃፓን ለዚህ ሥራ «ቤንሺ» የተባሉ ባለሙያ ተራኪዎች ነበሯት። በካምፓላ ደግሞ «ቪጄ» የሚባሉ ተርጓሚዎች የውጭ ፊልምን በሉጋንዳ እየተረኩ ማሳየታቸው እስከ ዘመናችን ዘልቋል። ሥዕሉ በሚናገርበት ዘመንም እንኳ «ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ አልቀረም።

6. የመዝናኛው ስሞች

አማርኛ ለመዝናኛ የነበረው ሰፊ ቃል «ጨዋታ» ነው። «ተጫወተ» ወግን፣ የልጆችን ጨዋታ፣ የክራርን ምት ሁሉ ያቅፋል። አዳዲሶቹ መዝናኛዎች ሲመጡ ግን የየራሳቸው ስም አስፈለጋቸው።

የአዲስ አበባ ሕዝብ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ «ሰይጣን ቤት» ወይም «የሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱ በሰፊው ይነገራል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለፈገግታ ነው፤ ለቋንቋ አጥኚ ግን የ«የ-» መኖርና አለመኖር ከሰይጣኑ ይበልጣል። «የሰይጣን ቤት» ባለቤትን የሚናገር ክስ ነው። «ሰይጣን ቤት» ግን ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ማተሚያ ቤት በሚባሉት ረድፍ ውስጥ ይገባል፤ በዚህ ረድፍ የመጀመሪያው ቃል በቤቱ ውስጥ የሚገኘውን ወይም የሚሠራውን ይነግራል። «የ-» ስትወድቅ ክሱ ወደ አድራሻነት ይቀርባል። «ሲኒማ ቤት» የሚለው ስም የተቀመጠው በዚያው በተዘጋጀ ወንበር ላይ ነው፤ አንዱ ቃል በሌላ ተተካ እንጂ ቅርጹ አልተለወጠም። «ሥዕል» የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ምስል ጋር የተቈራኘ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ለምን እንዳስደነገጠ ለመረዳት ያግዛል።

«ሲኒማ» ራሱ ከየት መጣ? ጣሊያንኛው በ«ቺ» ይጀምራል፤ አማርኛም «ቸ» ስላለው ድምፁን የሚለውጥበት ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ የ«ሲ» አጀማመር ወደ ፈረንሳይኛ ያመለክታል። ሆኖም ለረጅም ጊዜ በጣሊያን ሥር በነበረችው በኤርትራ ትግርኛውም «ሲነማ» ማለቱ ከአንድ ድምፅ ተነሥቶ ለመወሰን መቸኰል እንደማይገባ ያስጠነቅቃል።

ከዚህ የተሻለ ፍንጭ የሚሰጠው ተውኔት ነው። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ለመድረክ ያበቁትና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የታገደው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። የፈረንሳይኛው ቃል ቢሆን «ኮሜዲ» በሆነ ነበር፤ «-ያ» የተባለው መጨረሻ ከሩሲያኛውና ከጣሊያንኛው ጋር ይገጥማል። በኋላ «ተውኔት» እና «ተዋናይ» የሚሉት ከግእዝ የመጡ ቃላት በጽሑፍ ቋንቋ ጸኑ፤ «ቴአትር» እና «ኮሜዲ»ም ከነርሱ ጋር ቀሩ። ባዕዱና ግእዙ አንዱ ሌላውን ሳያባርር ሥራ ተካፈሉ።

7. ማጠቃለያ

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ከበሮውና ወረቀቱ በአንድ ስም ተጋቡ፤ በውስጡ የሚታተመው ሕግም እስከ ዛሬ «አዋጅ» ይባላል። ስሞቹ ከአፍ ተወርሰዋል፤ የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ግን አልተወረሰም። የዛሬ አዋጅ «ስማ» አይልም።

ይህ ለእኛ ለቋንቋ አጥኚዎች ተራ ጉዳይ አይደለም። መዝገበ ቃላትና የጽሑፍ ክምችቶች የሚዘጋጁት በአብዛኛው ከታተመ ነገር ነው። በነርሱ ብቻ የሚመራ ሰው የአማርኛ የሕዝብ ማስታወቂያ በ«መሆኑን እናስታውቃለን» የተጀመረ ይመስለዋል፤ ሁለተኛ መደብንም እንደ ባዕድ ያየዋል። የቃሉ ቅርጽ ግን ፈጽሞ አልሞተም። የእድር ጡሩምባ ነፊ በማለዳ መንደሩን እየዞረ የሟቹን ቤተ ዘመድና የቀብሩን ሰዓት ሲያሰማ ከነጋሪቱ ጋር የሚዛመድ ሥራ ይሠራል፤ በዐውደ ምሕረት ከቅዳሴ በኋላ የሚሰማው ማሳሰቢያም እንዲሁ። በብዙ ሰፈር ጡሩምባውን የስልክ መልእክት እየተካው ነው፤ መልእክቱ ደግሞ የሚጻፈው በወረቀቱ ሰዋስው ነው።

ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲያችን አካባቢ ባሉ ከተሞች የጡሩምባ ነፊዎችን ጥሪ ከነዜማው መቅዳት፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሌሎች ቋንቋዎች ከሚሰማው አቻው ጋር ማስተያየት፣ እንዲሁም የተለጠፈን ማስታወቂያ ለጎረቤት የሚያነብን ሰው አነጋገር መመዝገብ የሚገባው አሁን ነው። የድምፅ አልባው ዘመን ጆሮዎች የሰሙትን ዛሬ ልናገኘው አንችልም። የእነርሱን ሰዋስው የሚናገሩ አፎች ግን ገና አሉ።