ባጭሩ መሥራትና አሳጥሮ ማስተማር

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ሁለት ሠልጣኞች በአንዲት የሒሳብ እንቆቅልሽ ሲከራከሩ አመሹ። እንቆቅልሿ ይህች ናት፦ «ከ1000 በታች ካሉት የመቁጠሪያ ቁጥሮች ውስጥ ለ3 ወይም ለ5 ያለ ቀሪ የሚካፈሉት ሁሉ ቢደመሩ ስንት ይሆናሉ?» አንደኛው «በኮምፒዩተር በአንድ መስመር ትእዛዝ እጨርሳታለሁ» ሲል፣ ሁለተኛው «እኔ ደግሞ ያለ ኮምፒዩተር፣ በእስክሪብቶ» አለ። ታዲያ ማን ረታ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መንገዶቹን ማነጻጸርና ለእኛ ለዕጩ መምህራን የሚሰጡትን ትምህርት ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ረጅሙን መንገድ እንመልከት። ኮምፒዩተሩ ከ1 እስከ 999 ያሉትን ቁጥሮች በየተራ እያነሣ «ለ3 ይካፈላል? ወይስ ለ5?» ብሎ ይጠይቃል። ከተካፈለ ይደምረዋል፤ ካልተካፈለ ያልፈዋል። ትእዛዙ አራት አምስት መስመር ቢሆን ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ከ1000 በታች» የሚለውን ረስቶ «እስከ 1000» ብሎ ያዘዘ ሰው 1000ም ለ5 ስለሚካፈል ድምሩ በ1000 ይበልጥበታል።

ሁለተኛው የአንድ መስመሩ ነው። ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ፣ በ3 እየዘለለ የሚቆጥር አንድ ስብስብና በ5 እየዘለለ የሚቆጥር ሌላ ስብስብ አዋህዶ ደምር ማለት ይቻላል። ስብስብ አንድን አባል ሁለት ጊዜ ስለማይቀበል በሁለቱም ውስጥ ያሉት እንደ 15 ያሉ ቁጥሮች አንድ ጊዜ ብቻ ይያዛሉ። እንዲህ ትእዛዝን የማሳጠር ውድድር «ኮድ ጎልፍ» ይባላል፤ በጎልፍ ጨዋታ ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓድ ያስገባ እንደሚያሸንፈው ሁሉ እዚህም በጥቂት ፊደል የጻፈ ያሸንፋል።

ሦስተኛው የእስክሪብቶው መንገድ ነው። የ3 ብዜቶች 3፣ 6፣ 9 እያሉ እስከ 999 ይሄዳሉ። 3ን ነጥለን ብናወጣ 3 × (1 + 2 + 3 + … + 333) ይሆናል። በቅንፉ ውስጥ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብናጣምር 1 + 333 = 334፤ ቀጥሎ 2 + 332 = 334፤ ሁልጊዜ 334 ነው። ስለዚህ የቅንፉ ድምር 333 × 334 ÷ 2 ነው ማለት ነው። በዚሁ አኳኋን፦

የ3 ብዜቶች፦ 3 × 333 × 334 ÷ 2 = 166833
የ5 ብዜቶች፦ 5 × 199 × 200 ÷ 2 = 99500
የ15 ብዜቶች፦ 15 × 66 × 67 ÷ 2 = 33165
መልሱ፦ 166833 + 99500 − 33165 = 233168

የዚህ መንገድ ጥቅሙ ቁጥሩ ሲያድግ ይታያል። በ1000 ፈንታ አንድ ሺህ ሚሊዮን ቢባል ረጅሙ መንገድ ጥያቄውን ያንኑ ያህል ጊዜ መጠየቅ አለበት። የአንድ መስመሩም ቢሆን ለዓይን አጠረ እንጂ ቁጥሩ ባደገ መጠን የኮምፒዩተሩ ሥራ ማደጉ አልቀረም። የእስክሪብቶው ግን ያው ሦስት የማባዛትና የማካፈል ስሌት፣ አንድ መደመርና አንድ መቀነስ ነው።

እስቲ አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። በማስተማር ልምምድ ጊዜ ይህችኑ እንቆቅልሽ «ከ20 በታች» ብዬ ለስምንተኛ ክፍል አቀረብኩ። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ደንቡን ብቻ በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ 63 + 30 − 15 = 78። አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አውጥታ «መምህር፣ 15 ለ3ም ለ5ም ይካፈላል፤ ታዲያ ለምን እንቀንሰዋለን?» አለችኝ። እኔም «ደንቡ ነው» ብዬ አለፍኩ። ልጅቷ ዝም ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍለ ጊዜ እጁን ያወጣ ተማሪ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም ደንቡን ሸምድጄው ነበር እንጂ ምክንያቱን አላሰብኩበትም ነበር።

በማግሥቱ ከደንቡ በፊት ሁለት ረድፍ ጻፍኩ፦

3፣ 6፣ 9፣ 12፣ 15፣ 18
5፣ 10፣ 15

ምንም ሳልናገር ያችው ልጅ ብድግ አለችና «እንዴ! 15 እኮ ሁለት ቦታ ተጽፏል! አንዱን ነው የምንቀንሰው» አለች። ለካ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ኖሯል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

ስለሆነም የሁለቱ ጓደኞቼ ክርክር በዚህ ይቋጭ፦ ለራሳችን ስንሠራ እናሳጥር፣ ማሳጠር የመረዳት ምልክት ነውና። ስናስተምር ግን ያሳጠርነውን መንገድ ከነምክንያቱ መልሰን እንዘርጋው። ተማሪው ራሱ ያሳጥረዋል።

በመጨረሻ ለአንባብያን አንድ ጥያቄ፦ ከ3ና ከ5 ጋር 7ን ብንጨምር ምን ምን ይቀነሳል? ምንስ ተመልሶ ይደመራል? መልሱን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ከዚህ ወረቀት ግርጌ ለጥፉልን።