የሮቶ ውኃ ሲሸት፦ ከማጠብ በፊት መንስኤውን መለየት

በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ በፒያሳና በእሪ በከንቱ አካባቢ ውኃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ግቢዎች፣ ውኃ በመጣ ቀን ሮቶ፣ በርሜልና ጀሪካን ሞልቶ ማቆየት የተለመደ ነው። በዚህ መልክ የተጠራቀመ ውኃ አንዳንድ ጊዜ ጠረኑ ይለወጣል። ሽታ በተሰማ ቁጥር ሮቶውን ደፍቶ ማጠብ ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሽታው ምንጭ ሮቶው ካልሆነ፣ ለቀጣዩ ፈረቃ የሚያደርሰው ውኃ በከንቱ ይፈሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አደገኛው ሽታ እንደ ተራ ነገር ታይቶ ውኃው መጠጣቱ ነው።

ምንጩን ለመለየት ሁለት ንጹሕ ብርጭቆዎች ይበቃሉ። ውኃ በሚመጣበት ሰዓት አንዱ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ፣ ሌላው ከሮቶው መውጫ ይሞላል። ብርጭቆዎቹ ከቤት ውጭ፣ ከማጠቢያና ከመጸዳጃ ቤት ርቀው በእጅ ተሸፍነው ይነቀነቁና ይሸተታሉ። ከቤት ውጭ መደረጉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ውኃው ሸተተ የሚባለው ከማጠቢያው ፍሳሽ መውረጃ በሚወጣ ሽታ የተነሣ ነው። የሮቶው ብቻ ከሸተተ ችግሩ በግቢው ውስጥ ነው። የሁለቱም ከሸተተ ግን ከቆጣሪው ወዲያ ያለው መስመር መመርመር ይኖርበታል።

የሽታው ዓይነትም የራሱ መልእክት አለው። የበረኪና ሽታ ተጠቃሚውን ቢያስከፋም፣ ብዙውን ጊዜ ውኃው በክሎሪን መታከሙን የሚያመለክት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በክሎሪን የታከመ ውኃ ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በአንድ ሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል፤ ውኃው በንጹሕ ዕቃ ለጥቂት ሰዓታት ሲቀመጥ ሽታው ይቀንሳል። የአፈር ወይም የሻጋታ ጠረን የሚፈጠረው በአብዛኛው በግድብ ውኃ ወይም ብርሃን በሚያስገባ ሮቶ ውስጥ በሚራቡ አልጌዎችና ባክቴሪያዎች ነው። ጂኦስሚን የተባለውን የዚህን ጠረን ምንጭ የሰው አፍንጫ በአንድ ሊትር ውስጥ የግራም 100 ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ቢኖር እንኳ ሊለየው ይችላል። ስለሆነም ጠረኑ ጎልቶ መሰማቱ ብቻውን የጉዳት ምልክት አይደለም።

የተበላሸ እንቁላል ሽታ በበኩሉ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ በቆየ ውኃና በሮቶው ወለል ላይ በተጠራቀመ ዝቃጭ ውስጥ፣ አየር በሌለበት የሚራቡ ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩት ጋዝ ነው። ሽታው ከሙቅ ውኃው ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሮቶውን ማጠብ ጥቅም የለውም፤ መታየት ያለበት ቦይለሩ ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የፍሳሽ ሽታ ነው። ውኃ በሚቋረጥበት ጊዜ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል። በዚህን ጊዜ የተሰነጠቀ ወይም መጋጠሚያው የላላ ቧንቧ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውኃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ያረጁ ቧንቧዎች ከፍሳሽ ቦይ ጎን ለጎን በሚያልፉባቸው ጠባብ መንደሮች ስጋቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ውኃ እንደመጣ የመጀመሪያው ውኃ ወደ ሮቶ ሳይገባ በባልዲ ተቀድቶ ለመጸዳጃ ቤት ቢውል ይመረጣል። የፍሳሽ ሽታው ከቀጠለ ውኃውን ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያም ሆነ ለሕፃናት ገላ ማጠቢያ መጠቀም አይገባም። በረኪና ጨምሮ ሽታውን መሸፈንም መፍትሔ አይሆንም።

ችግሩ የሮቶው ሆኖ ሲገኝ በቅድሚያ ዝቃጩ ተጠርጎ ይወጣል፤ ዝቃጭ ባለበት ክሎሪን በከንቱ ያልቃል። ከዚያም ሮቶው በውኃ ተሞልቶ ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር ሽታ አልባ፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ይጨመርበታል። በቤቱ ያሉት ቧንቧዎች ሁሉ የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ ድረስ ይከፈቱና ተመልሰው ይዘጋሉ። ውኃው 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ ተደፍቶ ሮቶውና ቧንቧው በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃሉ።

በፈረቃ ለሚጠቀም ግቢ ይህ ሁሉ ውኃ ከባድ ወጪ መሆኑ ግልጽ ነው። ውኃን ለሚቆጥብ ሥራ በ20 ሊትር ውኃ 80 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በግምት አንድ የቡና ሲኒ በረኪና ተበጥብጦ የሮቶው ግድግዳና መክደኛ በረጅም እጀታ ብሩሽ በሚገባ ይቀባል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ታጥቦ ይደፋል። ይህ ዘዴ ከሮቶው ወዲህ ያለውን ቧንቧ አያጸዳም፤ የተረፈው ብጥብጥ በቧንቧዎቹ በኩል ቢወጣ ይጠቅማል። ለሥራው የሚመረጠው ጊዜ ሮቶው ሊያልቅ ሲል፣ ፈረቃው ከመድረሱ በፊት ያለው ቀን ነው። አንድ ሮቶ የሚጋሩ ቤተሰቦች ቀኑን አስቀድመው ቢስማሙበት የሚጠጡትን በጀሪካን ለይተው ማስቀመጥ ይችላሉ።

በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከአሲድ ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይፈቀድም። ትልቅ ሮቶ ውስጥ ገብቶ ማጠብም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ በታሸገ ቦታ አየር በማነሱ ሰው ሊታፈን ይችላል።

ከቆጣሪው አጠገብ የተቀዳው ውኃ ከሸተተ የአካባቢው ነዋሪ ለአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ906 የስልክ መስመር ወይም በአቅራቢያው በሚገኘው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይችላል። ጥቆማው ሽታው የጀመረበትን ቀንና ሰዓት፣ ዓይነቱን፣ ጎረቤት ግቢዎችም ተመሳሳይ ችግር እንዳጋጠማቸውና በአቅራቢያው የሚታይ የቧንቧ ስብራት ወይም የፍሳሽ መገንፈል መኖሩን ቢያካትት የተበላሸውን ቦታ ለማግኘት ይረዳል። መስመሩ እስኪጠገን ድረስ የመጠጥ ውኃ ችግሩ ካልደረሰበት መስመር ይቀዳል። ውኃውን ከጠጡ በኋላ ተቅማጥ ወይም ትውከት የታየባቸው ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናትና አረጋውያን፣ ሳይዘገዩ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርባቸዋል።