አባት በቤቱ ሲደበደብ ሕጉ ምን ይላል? ወዴትስ ይኬዳል?



በዚህ ገጽ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት በጻፍን ቁጥር የምናነሣው የእናቶችን በደል ነው። ይህንንም ያለ ምክንያት አላደረግነውም። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነና ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 ከመቶ የሚሆኑት በትዳር ጓደኛቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አባቶች የምንጽፈው የእናቶች ነገር አልቆ አይደለም። ተራ ሲጠብቁ ከአጠገብዎ ከተቀመጡት ወንዶች አንዱ፣ ምናልባትም እርስዎ ራስዎ፣ ይህን ነገር የሚጠይቁት ሰው አጥተው ሊሆን ስለሚችል ነው።

እንበልና አንድ አባት እጁን በባና ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል። ነርሷ «ምን ሆነው ነው፣ አባባ?» ትለዋለች። «ከካብ ላይ ወድቄ ነው፣ ልጄ» ይላል። ካርዱ ላይ «ወደቀ» ተብሎ ይጻፋል። ቁስሉ ታጥቦ ይታሸጋል፤ ሰውየውም ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ቁስሉን ወዳገኘበት ቤት ይመለሳል። ከሁለት ወር በኋላ ነገሩ ብሶ ፖሊስ ዘንድ ቢቀርብ፣ ያለው ማስረጃ ራሱ «ወደቅሁ» ያለበት ካርድ ብቻ ይሆናል።

በቀየትና በዙሪያው ባሉት የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋዎች ከአንድ አባወራ አፍ «ሚስቴ መታችኝ» የሚል ቃል ማውጣት ጥርስ ከማስነቀል ይከብዳል። ከዚያም የባሰ ዝም የሚባልበት አለ፤ ጎልማሳ ልጅ በአባቱ ላይ እጁን ሲያነሣ። መሬት በጠበበበት አገር «ድርሻዬን ቁረስልኝ» በሚል የተጀመረ ክርክር በዱላ ያበቃል። አባትም «ልጄን ለፖሊስ ሰጠ» ከመባል ቁስሉን ሸፍኖ መቀመጥ ይመርጣል። የገበና ነገር ወደ ውጭ አይወጣም እየተባለ ስንቱ ጎጆ ውስጥ ስንት ነገር እንዳለፈ የሚያውቀው እዚያው ያለ ሰው ብቻ ነው።

ሕጉ ግን የተደበደበው ወንድ ነው ወይስ ሴት ብሎ አይለይም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 16 ማንኛውም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ በኃይል የሚደርስ የአካልም ሆነ የአእምሮ ጉዳት እንደ ማንኛውም ድብደባ እንዲያስቀጣ ደንግጓል። ባል ሚስቱን ቢደበድብ የሚጠየቅበት አንቀጽ ሚስትም ባሏን ብትደበድብ የምትጠየቅበት ነው። የደበደበው ልጅ ከሆነም በዚያው ሕግ ከአንቀጽ 555 እስከ 560 ባለው ይጠየቃል። ልጅነቱ ነፃ አያወጣውም።

ቅጣቱ እንደ ጉዳቱ ይለያያል። ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ወይም አካልን የሚያጎድል ከባድ ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። ከዚያ ያነሰው ጉዳት እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። ነገር ግን በመሣሪያ ወይም ጉዳት ሊያደርስ በሚችል ሌላ ነገር ከተፈጸመ፣ ወይም የተጎዳው ሰው ደካማ፣ በሽተኛ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ከሆነ፣ ቅጣቱ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ይሆናል። ይህ የመጨረሻው አረጋውያን አባቶችን በቀጥታ የሚነካ ነው። ቶሎ የሚጠፋ ሰንበርና እብጠት ብቻ ያስከተለውን ሕጉ «የእጅ እልፊት» ይለዋል። ቅጣቱ ትንሽ ቢሆንም እርሱም ወንጀል ነው።

አሁን በደንብ ያስተውሉልን። ቀላል የሚባሉት ጉዳቶችና የእጅ እልፊት የሚያስከስሱት ተበዳዩ ራሱ አቤት ሲል ነው። ለዚህም የተሰጠው ጊዜ ድርጊቱንና ፈጻሚውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ረጅም ይመስላል። ይሁን እንጂ በእኛ አገር ነገሩ መጀመሪያ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ሽማግሌዎቹ «ከአጨዳ በኋላ እንቀመጥ» ይላሉ፤ አጨዳው ሲያልቅ «ከበዓሉ ይለፍ» ይባላል፤ በመሐል አንዱ ሽማግሌ ይታመማል። እርቁ ሳይሆን ሲቀር አባትየው ወደ ወረዳው ቢሄድ ጊዜው አልፎበታል ይባላል። ሽምግልናን አትቀበሉ አንልም። የብዙ ቤት ሰላም የተመለሰው በሽማግሌና በንስሐ አባት ነው፤ ፍርድ ቤትም ቢሆን ባልና ሚስትን ወደ ሽማግሌዎች ሊመራ ይችላል። የምንለው ሽማግሌው እስኪቀመጥ ቁስሉን በሐኪም ያስመዝግቡ፣ ቀኑንም ይቁጠሩ ነው። ከባድ ጉዳት ሲሆን ግን ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የተበዳዩን አቤቱታ ሳይጠብቁ ጉዳዩን መያዝ ይችላሉ።

ሌላው ትልቅ ነገር መልሶ አለመምታት ነው። ሕጉ ራስን መከላከልን ይፈቅዳል (አንቀጽ 78)። የተሰነዘረ መጥረቢያ መንጠቅ፣ እጅ መያዝ፣ ገፍቶ መውጣት መከላከል ነው። መጥረቢያው ወድቆ፣ ነገሩ በርዶ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰነዘር ዱላ ግን በቀል ነው። ያን ጊዜ ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ። ወንድ በጉልበት ስለሚበልጥ መልሶ የመታ እንደሆነ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከደረሰበት ይበልጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ አንዳንድ ሰው ራሱ ሲመታ ኖሮ አንድ ቀን ስለ ተመታ ሊከስ ያስብ ይሆናል። ፖሊስ ጎረቤትን ይጠይቃል፤ ሐኪምም የሁለቱንም ቁስል ያያል። በሐሰት መወንጀል ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

የሌለውንም ልንነግርዎ ይገባል። በአገራችን በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ብቻ ያተኮረ ራሱን የቻለ ሕግ የለም። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2015 በወጡ ሕጎች ተበዳዩ ወንድም ይሁን ሴት ፍርድ ቤት ቀርቦ «እንዳይቀርበኝ ይታዘዝልኝ» ሊል ይችላል፤ የወንጀል ክስ እስኪጀመር መጠበቅ አያስፈልገውም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ የጥበቃ ትእዛዝ አልተደነገገም። በአዲስ አበባና በጥቂት ሌሎች ከተሞች ያሉት ማረፊያ ቤቶችም የተቋቋሙት ለሴቶችና ለልጆቻቸው ነው። አባት ለጊዜው የሚጠጋው ወንድሙ፣ እህቱ ወይም ክርስትና አባቱ ዘንድ ነው።

ለዚህ ጉድለት በከፊል የሚረዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ «እገድልሃለሁ» እያለ የሚዝት ሰው ካለ የወንጀል ሕጉ ፍርድ ቤት ያንን ሰው መልካም ጠባይ እንዲያሳይ በዋስትና ግዴታ እንዲያስገባው ይፈቅዳል። ይህ መንገድ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ብዙም አይጠየቅም፤ ዐቃቤ ሕጉን በስሙ ይጠይቁት። ሁለተኛው የሚመለከተው ፍቺ የጠየቀን ሰው ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ፣ ቀለባቸው በማን እንደሚሸፈን፣ ንብረቱን ማን እንደሚያስተዳድርና ከባልና ሚስቱ አንዱ ከቤት መውጣት ካለበት ማን እንደሚወጣ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህ የተጻፈው በአንቀጽ 82 ነው። በእኛ ክልል የሚሠራው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ሲሆን አብዛኛው ድንጋጌው ከፌዴራሉ ጋር ይመሳሰላል።

«ከቤት ከወጣሁ መሬቱ ይቀርብኛል» የሚል ፍርሃት ብዙ አባቶችን ከዱላ ሥር ያስቀምጣል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም የተሰጠ ከሆነ፣ ለደኅንነትዎ ብለው ጥቂት ሳምንት ዘመድ ቤት ቢቆዩ ስምዎ ከደብተሩ አይፋቅም። ሲወጡ ግን መታወቂያዎን፣ የደብተሩን ቅጂና የልጆቹን የክትባት ካርድ ይዘው ቢወጡ ይሻላል።

ወደ ልጆቹ እንምጣ። አባቶችን ከምንም በላይ የሚያስጨንቃቸው ይህ ነው። «ልጅ የእናት ነው፤ ፍርድ ቤት ብሄድም አላገኝም» የሚል አባት ብዙ ነው። ይህ አባባል ከባዶ አልመጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 681 ከበድ ያለ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከእናታቸው ጋር እንዲቆዩ ያዝ ነበር። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ትቶ፣ ፍርድ ቤቱ የሁለቱንም ወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም እንዲመለከት አደረገ። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለልጁ ደኅንነት እንደሆነ ይደነግጋል።

ይህ ግን በሁለት በኩል የተሳለ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ ጉዳይ ተመልክቶ ነበር። እናቱ የሞተችበትንና አክስቱ ያሳደገችውን ልጅ አባትየው «ልጄ ነው፤ ይሰጠኝ» አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ ግን የልጁን ጥቅም አይቶ ውሳኔውን ሻረና ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ አደረገ። ስለዚህ «አባት ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «እናት ነኝ» ማለትም እንዲሁ። ፍርድ ቤት ቀርበው የሚያስረዱት ልጆቹ በቤቱ ምን እያዩ እንዳደሩ፣ ማን እንደሚያበላቸው፣ ማን ትምህርት ቤት እንደሚልካቸው ነው። በልጆቹም ላይ ዱላ የሚያርፍ ከሆነ ለብቻው ያመልክቱ፤ ልጅን ማሠቃየት በአንቀጽ 576 ያስቀጣል። ሌሊት ልጆቹን ይዞ መጥፋት ግን አይምከሩ። ከእውነተኛ አደጋ ለማዳን ካልሆነ በቀር በኋላ በዳኛው ፊት የሚከብደው በእርስዎ ላይ ነው።

ታዲያ ወዴት ይኬዳል? መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም። ከዚያ ወደ ቀበሌው ፖሊስ ወይም ወደ ወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፤ እንደሚኖሩበት መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ወገሬ፣ ዘመሮ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ። ቃልዎ በጽሑፍ ይወሰዳል፤ ተነቦልዎት ትክክል ከሆነ ብቻ ይፈርሙ። ፖሊስ ለሕክምና ማስረጃ ወደ ጤና ተቋሙ ደብዳቤ ይጽፋል። ክሱን የሚመሠርተውና የሚከራከረው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ለጠበቃ የሚከፍሉት የለም። ፍቺና የልጅ ጉዳይ ግን በራስዎ አቤቱታ ለወረዳው ፍርድ ቤት ይቀርባል። የዳኝነት መክፈል ካልቻሉ በድሃ ደንብ ለመክሰስ ይጠይቁ። የልጆቹን ነገር ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል። በበሩ ላይ «ሴቶች» የሚል ስለ ተጻፈ አይመለሱ። ሕግ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ለችግረኞች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡበት ልማድ ስላለ፣ ደብረ ብርሃን የሚወርዱ ከሆነ እዚያ ባለው ዩኒቨርሲቲ ጠይቀው ይምጡ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት የተነሣ በየቦታው የፖሊስም የፍርድ ቤትም ሥራ ሲስተጓጎል ቆይቷል። ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኙት የሄዱበትን ቀን ጽፈው ይያዙ፤ አብሮዎት የሄደውን ምስክርም አይርሱ። ሕክምናውን ግን ለነገ አያሳድሩ፤ ሰንበር ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይጠፋል።

ዛሬ እዚህ የመጡት ለዚህ ጉዳይ ከሆነ፣ ወይም ለሌላ መጥተው ይህ ካለብዎት፣ ካርድ ክፍል ላይ ምክንያቱን በሰው ፊት መናገር አያስፈልግዎትም። «ባለሙያውን ለብቻዬ ላነጋግር እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ አብሮዎት ከመጣ ባለሙያው እንዲወጡ ይጠይቃቸዋል። ሲመረመሩ ማን፣ በምን፣ መቼ እንደ መታዎ ይናገሩና ካርዱ ላይ እንደዚያው እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ የካርድ ቁጥርዎንም ይያዙ።