ቆጮ ሁለት ጊዜ ይብላላል

ወጣቶች፣ ጨንቻ ወይም ዶርዜ ዘመድ ያላችሁ እንሰት ሲፋቅ አይታችሁ ይሆናል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጥና ይብላላል። ይሄን የሚሠራው ማን ነው? ባክቴሪያ! የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የቤልጂየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በጋሞ ደጋ በሚዘጋጀው እንሰት መጀመሪያ ሉኮኖስቶክ የተባለው ባክቴሪያ እንደሚበዛ፣ ቆይቶ ላክቶባሲለስ እንደሚተካው አሳይተዋል። አሲዱ ሲጨምር ምግብ አበላሺ ጀርሞች ቦታ ያጣሉ።

ሁለተኛው መብላላት ትልቁ አንጀታችን ውስጥ ነው። በቆጮ፣ በገብስ፣ በባቄላና በጎመን ያለውን ፋይበር ወይም አሰር ጨጓራችን ሊፈጨው አይችልም። የአንጀት ባክቴሪያዎች ግን ይመገቡታል፤ በምትኩ ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይሰጡናል። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግብ ይኸው ነው። በላቦራቶሪ ይህን የሚያጠኑት ጥቂት ሰገራ ከፋይበር ጋር ኦክስጅን በሌለበት ጠርሙስ፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ አቆይተው የሚወጣውን ጋዝና አሲድ በመለካት ነው።

ይሄ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው? ቫይረሱ በገባ በሳምንታት ውስጥ አንጀት አካባቢ ያሉትን ሲዲ 4 ሕዋሳት ክፉኛ ያጠቃል። ስለዚህ ቫይረሱ በደሙ ላለ ሰው ጥሩ ምግብ ይጠቅመዋል።

አንድ ወጣት ግን "ጥሩ ከበላሁ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?" ብሎኛል። እንዳትሳሳቱ! ቆጮ ቫይረሱን አይገታም፣ ኮንዶምንም አይተካም። ኪኒኑ ከተቋረጠ ቫይረሱ ተመልሶ ይራባል። ምግቡም ይበላ፣ መድኃኒቱም በሰዓቱ ይወሰድ።