የሰዓቱ መሙያ በማን እጅ ነው?

የእጅ ሰዓት በአገራችን ገና እንደ ብርቅ በሚታይበት ዘመን፣ ባሕር ማዶ ተሠርቶ የመጣው ዕቃ ቀትርን 12 ብሎ ሲያመለክት፣ የእኛ ሰው ግን የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጀምሮ ስለሚቈጥር ያንኑ ቀትር 6 ሰዓት ብሎ ይጠራው ነበርና፣ የሰዓቱ ባለቤት ከሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጥ ነበር፤ ወይ መርፌው ከሚያመለክተው ቍጥር ፊት ለፊት ያለውን በልቡ እያነበበ ይኖራል፣ ወይ ደግሞ በጐኑ ያለችውን መሙያ ስቦ እየጠመዘዘ መርፌዎቹን ወደ አገሩ ቈጠራ ያመጣቸዋል። ሰዓቱም ይህን ሲያደርጉበት ማን ፈቀደልህ ብሎ አይጠይቅም፤ የፋብሪካው ጌታ ስለ ኢትዮጵያ አቈጣጠር አንዳች ነገር ባያውቅ እንኳ፣ የመጨረሻው ቃል መሙያዋን በጣቱ የያዘው ሰው ነበረና።

ዛሬ በብዙ ሰው ክንድ ላይ የምናየው ስማርት ሰዓት እርምጃ የሚቈጥር፣ የልብን ትርታ የሚለካ፣ የስልክ መልእክት የሚያነብ በመሆኑ በሥራው ሁሉ ከቀድሞው እጅግ የላቀ ሲሆን፣ በዚህ በአንዱ ነገር ግን ከእርሱ ያንሳል። ሰዓቱን የሚቀበለው ከስልኩ፣ ስልኩም ከኔትወርኩ እንደ መሆኑ መጠን፣ ባለቤቱ በግድ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ልመልሰው ቢል ማንቂያው ያለ ጊዜው ይጮኻል፣ ቀጠሮው ይዛባል፣ የመልእክቱም ሰዓት ይሳሳታል፤ ሁሉም በዚያው በአንዱ ቈጠራ ላይ የተመሠረቱ ናቸውና። እንጀራቸው ሌላ ሆኖ ሳለ በትርፍ ጊዜያቸው፣ ለፍቅሩ ብቻ ሰዓት የሚፈቱ፣ ኮድ የሚጽፉ፣ የጻፉትንም ለማንም በነጻ የሚያካፍሉ ሰዎች በልዩ ልዩ አገር የተነሡት ይህን በመሰለ ምክንያት ነው። እነዚህ የትርፍ ጊዜ ጠቢባን ከክፍት ሰዓት፣ ማለትም ባለቤቱ ኮዱን ሊለውጠው ከሚችለው ሰዓት፣ ምን ይፈልጋሉ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቀርቦ ለመረመረው ሁሉም ወደ አንድ ይጠቀለላል፤ ያችን የጥንቷን መሙያ ዳግመኛ በእጃቸው ለመያዝ ይፈልጋሉ።

መሙያዋ ዛሬ የት እንደ ተሰወረች ለማወቅ፣ ሰዓቱ ጊዜን እንዴት እንደሚቈጥር አስቀድሞ መረዳት ይገባል። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አስትሮን ያለውን ሰዓት በ1969 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ (ይህና ከዚህ በታች ዓ.ም. ሳይባልባቸው የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፣ የብዙው የእጅ ሰዓት ልብ ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ ሆኗል። ይህ ድንጋይ እንደ ሹካ በሁለት ጣት ተቀርጾ ኤሌክትሪክ ሲነካው በአንድ ሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ቍጥሩም በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ከ1 ተነሥቶ 15 ጊዜ እጥፍ በእጥፍ ሲሄዱ የሚደረስበት በመሆኑ፣ ያንኑ 15 ጊዜ እኩል ለእኩል ቢከፍሉት በየሰከንዱ አንድ ምት ብቻ ይተርፋል። ይሁን እንጂ ድንጋዩ ልኩን የሚጠብቀው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ቢሞቅም ቢበርድም ይዘገያል፤ በ10 ዲግሪ ቢርቅ በወር 9 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። በዝግ ሰዓት ይህ ጉድለት እንዳለ ይኖራል፤ ሙቀትን የሚለካ ሴንሰር ባለበት ክፍት ሰዓት ግን፣ ስለ ሰከንድ ሽራፊ እንቅልፍ የሚያጣ ጠቢብ ጉድለቱን አስልቶ የሚያርም ጥቂት መስመር ኮድ ይጽፍለታል።

ከምቱ በኋላ ያለው ሁሉ የሐሳብ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ብቻ ይቈጥራሉ፤ ሰዓት፣ ቀን፣ ወርና ዓመት የምንላቸው ከዚህ ከአንዱ ረጅም ቍጥር ተሰልተው የሚወጡ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባቡ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጓሜው አንድም፣ አንድም እየተባለ እንደሚበዛ፣ በሰዓቱም ውስጥ የሰከንዱ ቍጥር ንባብ ሲሆን በገጹ የሚታየው ትርጓሜ ነው። ዝግ ሰዓት ትርጓሜውን በአምራቹ ዘንድ ያስቀራል፤ ክፍት ሰዓት ግን ንባቡ ሳይነካ ሐዲስ ትርጓሜ እንዲጨመርበት ይፈቅዳል። ስለዚህ የገጹን ኮድ የሚጽፍ ሰው ‹‹ስታሳይ 6 ሰዓት ቀንሰህ አሳይ›› ብሎ ቢያዝ፣ ማንቂያውም ቀጠሮውም ሳይናወጥ ሰዓቱ በአገራችን ቈጠራ ይናገራል።

ከዚህም አልፎ የአጽዋማትና የበዓላት መቍጠሪያ የሆነውን ባሕረ ሐሳብን በክንዱ መያዝ ለሚሻ ሰው፣ ቀመሩ ራሱ ለኮምፒውተር እንደ ተዘጋጀ ሆኖ ያገኘዋል። 2018 ዓ.ም.ን ለምሳሌ እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል፤ ይህ ለ4 ተከፍሎ 2 ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲከፈል 13 ይተርፋል፤ ሊቃውንቱ እንደሚያደርጉት አንዱን ለዘመኑ ሲተዉት ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 18 መጥቅዕ፣ 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 12 ደግሞ አበቅቴ ነው፤ ሁለቱም ተደምረው 30 መሆናቸው ስሌቱ እንዳልተሳሳተ ይመሰክራል። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ መስከረም 18 ቀን ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ፣ የእሑድም ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቍጥር፣ 7 ነውና ከመጥቅዑ ጋር ተደምሮ መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል፤ ከዚህም ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን እንደሚገባ፣ በ69ኛው ቀን ደግሞ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ፋሲካ እንደሚሆን ይታወቃል። ይህ ሁሉ መደመር፣ ማባዛትና መግደፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ ትንሿ የሰዓት ኮምፒውተር ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ እንኳ ሳትዘገይ ትጨርሰዋለች። ዕለትን በ60 ኬክሮስ ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ እየሰጠ የሚሄድ ገጽ መሥራትም እንዲሁ ይቻላል፤ እንዲህ ያለውን ገጽ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ መጠበቅ ግን ብዙ ዘመን መጠበቅ ነው።

የትርፍ ጊዜ ጠቢባን ቀጥለው የሚሹት ቍጠባን ነው፤ በዚህም ረገድ መምህራቸው ካሲዮ በ1989 ያወጣው፣ ኤፍ-91ደብልዩ የሚባለው ርካሽ የፕላስቲክ ሰዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በውስጡ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ 90 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ብቻ ትይዛለች፤ አምራቹ ግን 7 ዓመት ያህል ታገለግላለች ይላል። ይህን ቢያካፍሉት ሰዓቱ በአማካይ አንድ ማይክሮአምፔር ተኩል ገደማ፣ ማለትም የአንድ አምፔር ሚሊዮንኛ ክፍል ተኩል ያህል ይጠጣል ማለት ነው። በዚህ ቍጠባ የተደነቁ ሰዎች ሴንሰር ዋች የሚባል ምትክ ሰሌዳ ሠርተዋል፤ የዚያኑ ሰዓት ቅርፊት፣ ቍልፎችና መስታወት እንዳሉ ትተው ሆዱን ብቻ በመለወጥ፣ ባለቤቱ በሲ ቋንቋ የፈለገውን እንዲጽፍበት አደረጉ። መስታወቱ የድሮው ስለ ሆነ ግን እያንዳንዱን ምልክት ከተወሰኑ ሰረዞች መሥራት ግድ ነው፤ ፊደል ሁሉ አይጻፍበትም፤ ጠቢባኑ ግን በዚህ ጥበት ውስጥ መላ መፈለግን እንደ ቅኔ ቈጠራ ይደሰቱበታል።

የቍጠባውም ምሥጢር እንቅልፍ ነው። የሰዓቱ ኮምፒውተር ሲሠራ ጥቂት ሚሊአምፔር የሚወስድ ሲሆን፣ ሲተኛ ግን ከዚያ በሺህ እጅ ያነሰ ይበቃዋል፤ ስለዚህ መልካም ኮድ ማለት ቶሎ ነቅቶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ቶሎ የሚተኛ ነው። ማሳያውም የዚህ ተካፋይ ነው። ከኋላው ብርሃን እየበራ የሚታይ ስክሪን ባትሪውን ቶሎ ስለሚጨርሰው ባለቤቱ ክንዱን እስኪያነሣ ድረስ ጠፍቶ ይቈያል፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ያለች ትንሽ ማኅደር የተሰጣትን መልክ ይዛ የምትቈይበት ማሳያ ግን፣ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ በቀትር ይበልጥ ይነበባል፣ ሌሊትና ቀንም አይጠፋም። የትርፍ ጊዜ ጠቢባን ቀለሙ ደብዛዛ ቢሆንም ይህን የሚመርጡት፣ በየማታው ቻርጅ መደረግ ያለበትን ሰዓት እንደ ቤት ውስጥ ሕፃን ስለሚቈጥሩት ነው።

ይህንኑ ዓይነት ማሳያ በብዙ ሰው ክንድ ላይ ያስቀመጠው፣ የክፍት ሰዓት ታሪክም ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ፔብል የሚባለው ሰዓት ነው። ኤሪክ ሚጊኮቭስኪ የተባለው ካናዳዊ በ2012 ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ 100,000 ዶላር ሲለምን፣ 68,929 ሰዎች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። ሰዓቱ ሲደርሳቸውም ማንም ሰው ፕሮግራም እንዲጽፍበት ስለ ተፈቀደ፣ ገጾችና መተግበሪያዎች በሺህ ተቈጠሩ። ሆኖም በ2016 መጨረሻ ኩባንያው ተዘጋ፤ ሶፍትዌሩንና ከሠራተኞቹ ከፊሉን ፊትቢት የተባለው ሌላ ኩባንያ ወሰደ፤ በ2018 አጋማሽም አገልግሎቱን ይሰጡ የነበሩት ሰርቨሮች ጠፉ። ሰዓቶቹ መቍጠራቸውን ባያቋርጡም፣ አዲስ ገጽ የሚወርድበት ገበያ፣ የአየር ጠባይ ወሬ፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው አገልግሎት ሁሉ ከጌታቸው ጋር ሄዱ።

እዚህ ላይ ነው ፕሮግራም ሊጻፍበት የሚችል ዕቃ ሁሉ በእውነት ክፍት እንዳልሆነ የታወቀው። ፔብል በሩን ቢከፍትም መሠረቱ ኅቡዕ ነበር፤ የስርዓቱ ምንጭ ኮድ በኩባንያው ሣጥን ውስጥ ተቈልፎ ነበርና። ሪብል የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ገጾቹንና መተግበሪያዎቹን ከመጥፋት አድኖ፣ የተዘጉትን አገልግሎቶች በራሱ ሰርቨሮች ተክቶ ለዓመታት አቈያቸው። ፊትቢትን የገዛው ጉግል ደግሞ በ2025 መጀመሪያ የፔብልን ስርዓት ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ገለጠ፤ ነገር ግን የብሉቱዝን ክፍል የመሳሰሉ፣ የሌላ ሰው ንብረት የሆኑ ክፍሎች ተቀንሰውበት ስለ ነበረ፣ የጐደለውን ሳይሞሉ እንደ ወጣ ማስኬድ አይቻልም ነበር። በዚያው ዓመት ሚጊኮቭስኪ በዚሁ ስርዓት የሚሠሩ አዲስ ሰዓቶች አሳወቀ። ከዚህ ሁሉ ጠቢባኑ የተማሩት አንድ ጥያቄ አለ፤ ሰዓት ሊገዙ ሲሉ አስቀድመው ‹‹ሠሪው ነገ ቢሞት ይህ ሰዓት አብሮት ይቀበራልን?›› ብለው ይጠይቃሉ።

ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ፓይን64 የተባለው ድርጅት የሚሸጠው ፓይንታይም ነው። ከ30 ዶላር በታች ሲሸጥ የቈየው ይህ ሰዓት 64 ኪሎባይት የሥራ ማኅደርና 512 ኪሎባይት የኮድ ማከማቻ ብቻ ያለው ትሑት ዕቃ ሲሆን፣ ኢንፊኒታይም የሚባለውን ዋና ሶፍትዌሩን የሚጽፉት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ለሙከራ የሚሸጠው ዓይነት ጀርባው ስላልታሸገ ሽቦ አስገብቶ ከሥሩ ማረም ይቻላል፤ የታሸገው ግን ሶፍትዌር የሚቀበለው በብሉቱዝ ብቻ ስለ ሆነ፣ የተበላሸ ኮድ ቢጫንበት ሰዓቱ ዲዳ ድንጋይ ሆኖ እንዳይቀር ያሰጋል። መድኃኒቱም በብልሃት ተዘጋጅቷል፤ አዲሱ ሶፍትዌር ሲገባ አሮጌው አይጠፋም፤ ባለቤቱ አዲሱን አይቶ በማስተካከያው ገጽ ‹‹ተቀብያለሁ›› ካላለ፣ ሰዓቱ ዳግመኛ ሲነሣ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ለመሞከር የሚወድ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚሻው ይህን የመመለሻ መንገድ ነው፤ ስሕተት ሞት በሆነበት ቦታ ማንም አይማርምና። ኮድ ጽፎ ለማያውቅ ጀማሪ ደግሞ ባንግል ጄኤስ የሚባለው ሰዓት ይቀለዋል፤ ጃቫስክሪፕት በሚባለው ቋንቋ ከኮምፒውተሩ ብራውዘር ላይ ሆኖ ይጽፍና በብሉቱዝ ወደ ክንዱ ይልከዋል።

ስለ ሥጋችን የሚሰበሰበው ወሬም ሌላው ጉዳይ ነው። ከሰዓቱ ሆድ በኩል የሚበራው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ገብቶ ሲመለስ፣ ደም ሲሞላ ብዙው ስለሚዋጥ፣ ሲጐድል ጥቂቱ ስለሚዋጥ፣ ከዚህ መለዋወጥ የልብ ትርታ ይቈጠራል። የትርታውን ታሪክ ወደ ሩቅ ሰርቨር ማን ይልከዋል፣ ማንስ ያነበዋል የሚለውን በዝግ ሰዓት ባለቤቱ መመርመር አይችልም። በክፍት ሰዓት ግን ጋጅትብሪጅ የተባለውን፣ በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራ ነጻ መተግበሪያ ቢጠቀም፣ ስም ሳያስመዘግብና ወደ ማንም ሳይልክ መዝገቡን በገዛ ስልኩ ያስቀምጠዋል።

በሌላ በኩል ጉድለቱን መደበቅ አይገባም። የእነዚህ ሰዓቶች የትርታ ልኬት ለሕክምና ውሳኔ የሚታመን አይደለም፤ የተፈታም ሰዓት ውኃ መከላከሉን ሊያጣ ይችላል፤ ሁሉንም በሰው እጅ ተዘጋጅቶ ማግኘት ለሚወድ ሰው እንዲህ ያለው ዕቃ ድካም እንጂ ዕረፍት አይሰጠውም። የትርፍ ጊዜ ጠቢባንም ይህን ሳያውቁ አልገቡበትም።

ነገር ግን የጥንቷ መሙያና የዛሬው ኮድ በአንድ ነገር ይለያያሉ። ያኔ መሙያውን የጠመዘዘ ሰው የሚያስተካክለው የራሱን ሰዓት ብቻ ነበር፤ ጐረቤቱም ሰዓት ቢገዛ እንደ ገና ከመጀመሪያው መጠምዘዝ ነበረበት። ዛሬ ግን አንድ ሰው በደሴ ተቀምጦ የባሕረ ሐሳቡን ገጽ ጽፎ ቢያካፍለው፣ በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የሚኖር፣ ስሙን እንኳ የማያውቅ ሌላ ሰው በክንዱ ላይ ጭኖት ጾሙ የሚገባበትን ቀን ያነባል፤ በቀመሩም ውስጥ ስሕተት ቢያገኝ አርሞ ይመልስለታል፤ ደሴም ያለው ሰው ማልዶ ሲነሣ የእርሱን ሰዓት በሌላ ሰው ጣት ተሞልቶ ያገኘዋል።