ከኢፍጣር ማዕድ ወደ አትክልት መደብ

በረመዳን ምሽት በየመስጂዱ ግቢ ለኢፍጣር ከሚቀመጡት መካከል ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጡ፣ ከአረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ፣ ወላጆቻቸውን በሞት ያጡ አሉ። ተምሩን፣ ሾርባውንና ሳምቡሳውን እናቀርብላቸዋለን፤ አላህ ይቀበለን። ዒድ ሲያልፍ ግን ማዕዱ ይነሳል፣ ችግራቸው ይቀራል። በሸዋል ወር የት እንደሚበሉና ምን እንደሚሠሩ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ይህ ጥያቄ በመዲናም ተነስቶ ነበር። ሙሃጂሮች ንብረታቸውን መካ ትተው ሲሰደዱ፣ አንሷሮች የተምር ዛፎቻቸውን ሊያካፍሏቸው ፈለጉ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አልተቀበሉም። በመጨረሻ ሙሃጂሮቹ በእርሻው ሊሠሩ፣ ፍሬውን በጋራ ሊካፈሉ ተስማሙ። ባለመሬቱ መሬቱን አላጣም፤ ስደተኛውም የሰው እጅ ጠባቂ ሆኖ አልቀረም።

እኛስ? ጥቂት ክፍት ቦታ ያላቸው መስጂዶች፣ መድረሳዎችና ቤተሰቦች አሉ። ቦታው ወቅፍ ከሆነ የተወቀፈበት ዓላማ እንዳይጣስ አስቀድመን ዑለማዎችን እንጠይቅ። የግለሰብ ከሆነ የውሉ ዘመንና የምርቱ ክፍፍል በጽሑፍና በምስክር ይያዝ። ቁርኣን ቀጠሮ ያለው ዕዳ እንዲጻፍ ያዘዘው ወንድማማቾች በኋላ እንዳይጣሉ ጭምር ነው።

ለጀማሪ ሰላጣና ቆስጣ ይሻላሉ፤ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳሉ። ቆስጣና የሐበሻ ጎመን ቅጠላቸው እየተቀነጠበ ደጋግመው ይሰጣሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ከዚያ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። በየጀማዓው በልጅነቱ ያረሰ አባት አይጠፋምና መደብ ማውጣትና ችግኝ ማዛወርን እርሱ ያስተምር። በጾም ወቅት ሥራው ከሱብሒ በኋላና ከአስር በኋላ ቢሆን ፀሐዩ አይጎዳቸውም።

ውሃውን በተመለከተ፣ ሳሙና ያልነካው የውዱእ ውሃ በከንቱ ከሚፈስ በቦይ ወደ መደቡ ይመራ። እንደ አቃቂ ያለ የተበከለ ወንዝ ውሃ ግን ለአትክልት አይሁን፤ ምግባችን ሐላል ብቻ ሳይሆን ጠይብም እንዲሆን ታዘናል።

መኮትኮቻው፣ አካፋውና ዘሩ በሰደቃ ይገዛ። ዘካ ግን ለባለመብቱ የሚሰጥ ነውና ለአትክልቱ ማስኬጃ ከማዋላችን በፊት ዓሊም እናማክር። እናቶችም ለወጡና ለሳምቡሳው የሚሆነውን ቃሪያና ጎመን ከእነዚህ ልጆች በተገቢው ዋጋ ቢገዙ ትልቅ ድጋፍ ነው። ዋጋ ሳንቀንስባቸው፣ «ምስኪኖቹ» ሳንላቸው፣ በስማቸው እየጠራን እንገበያያቸው።

ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። የዘንድሮ ኢፍጣር ተጋባዦቻችን በሚቀጥለው ረመዳን ካመረቱት ለሌላው የሚያስፈጥሩ እንዲሆኑ፣ ከዒድ በፊት በየጀማዓችን ተቀምጠን እንምከር። አላህ ጾማችንንና ሥራችንን ይቀበለን፤ አሚን።