ሰውነትን ማሠልጠን ለአሳብ ጤና ስለሚሰጠው ጥቅም

ሰው ከሥጋና ከነፍስ አንድ ሆኖ የተፈጠረ ስለ ሆነ፤ ሥጋው ሲደክም አሳቡ እንደሚታወክ፤ አሳቡም ሲያዝን ሥጋው እንደሚከብደው የታወቀ ነው። ድብርት የጸናበት ሰው ከመኝታው ለመነሣት ይታክታል፤ ባለመነሣቱም ድብርቱ ይብስበታል። ዘመድና መምህር ይህን አይተው ብዙ ጊዜ ስንፍና ነው ይሉታል፤ በታመመውም ሰው ላይ ሌላ ሸክም ይጨምሩበታል።

ሰውነትን አዘውትሮ ማሠልጠን ለዚህ ሕመም እንደሚረዳ በሐኪሞች ተመርምሮ ተገኝቷል። በአሜሪካ አገር በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት፤ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ በጽኑ ድብርት የታመሙ 156 ሰዎችን በሦስት ከፍለው 16 ሳምንት ተከታተሏቸው። አንዱ ክፍል በሳምንት ሦስት ቀን ፈጠን ብሎ እንዲራመድ ወይም እንዲሮጥ፤ ሁለተኛው መድኃኒት እንዲውጥ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም እንዲያደርግ ታዘዘ። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓመት ባወጡት ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያ ፈጥኖ ቢረዳም በመጨረሻ በሦስቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ይህን ሰምቶ ግን የታዘዘለትን መድኃኒት በገዛ እጁ የሚያቋርጥ ሰው ራሱን ይጎዳል።

ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ደምም ወደ አንጎል በብዛት ይሄዳል፤ ሌሊት እንቅልፉ ይጠናለታል። ጭንቀቱን ሲያመላልስ የነበረው አሳቡም ለጊዜው ወደ እግሩና ወደ መንገዱ ይመለሳል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የአቋቋም ተማሪ መቋሚያውን ይዞ ሲያሸበሽብ ሰውነቱ ሁሉ ይማራል። የቆሎ ተማሪም አኩፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ ይዞራል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ውሃ ይቀዳል። ረኀቡ የሚመሰገን ባይሆንም፤ ተቀምጦ ብቻ አይማርም። ዛሬ ግን አንዳንድ መምህር ፈተና ሲቃረብ የጨዋታውን ሰዓት ለሒሳብ ይወስደዋል፤ ያጠፋውንም ልጅ ከጨዋታ በመከልከል ይቀጣዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቅጣቱ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታ ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልገው ልጅ ላይ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ፤ ለዐዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ የሚመጣ ልጅ ይህን በመንገዱ ፈጽሞታል፤ ለእርሱ ዕረፍትና ምሳ ይቀድማል። ውሃ ተሸክማ የዋለችውን ልጃገረድ ሩጪ ብሎ ማስገደድም አይገባም፤ ከጓደኞቿ ጋር በደስታ መጫወት ግን ከሸክም የተለየ ነገር ነው። ይልቁንም ምክሩ የሚጠቅመው ደብተር ሲያርም ለሚውለው መምህርና እርሻውን ለልጁ ለቀቀ ለሚባለው ሽማግሌ ነው። እነዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ ቢራመዱ ይበቃቸዋል፤ ከጎረቤት ጋር ቢሆን ደግሞ አይታክቱም። በጾም ወራት ፀሐይ ከበረደ በኋላ ቀስ ብሎ መሄድ ይሻላል።

ምግብና እንቅልፍ ያጣ፤ ወይም ሞቴን በወደድሁ የሚል ሰው ሲገኝ ግን ነገሩ ከእግር ጉዞ ያልፋል። ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት፤ ወደ ጠበል የሚወስዱትም ዘመዶች ሐኪሙ የሰጠውን መድኃኒት አብረው ይያዙለት።